የሰማያዊ ቀለም ዋጋ

ሰማዩ በጠራበት ቀን ራሱን ቀና አድርጎ የተመለከተ ሰው ሁሉ፥ ንጉሥም ይሁን ድኻ፥ ሰማያዊውን ቀለም ያለ አንዳች ክፍያ ያየዋል። የእኛም ቋንቋ ይህን ቀለም ሲሰይም ሌላ ምሳሌ አልፈለገም፤ ከሰማይ አንሥቶ «ሰማያዊ» አለው። ነገር ግን ለዓይን እንዲህ የበዛው ቀለም ለእጅ እጅግ ብርቅ ሆኖ ኖሯል። ጥቁሩን ከጥላሸት፥ ቀዩንና ብጫውን ከአፈር፥ ነጩን ከኖራ በደጃፉ ያገኘው የሰው ልጅ፥ ሰማያዊውን በልብስ፥ በግድግዳ ወይም በብራና ላይ ለማሳረፍ ግን ተራራ መቈፈር፥ ባሕር መሻገር፥ እሳት ማንደድና፥ ብዙ ጊዜም የሌላውን ጉልበት በግድ መውሰድ አስፈልጎታል።

የዚህ ምክንያቱ ከተፈጥሮ ይጀምራል። ሰማይ ቀለም የተቀባ አይደለም፤ የፀሐይ ብርሃን በአየር ውስጥ ሲያልፍ ሰማያዊው ጨረር ከቀዩ ይልቅ አብዝቶ ስለሚበተን፥ ዓይናችን ከየአቅጣጫው ሰማያዊን ይቀበላል እንጂ፥ ከዚያ ተቈንጥሮ የሚወሰድ አንዳች ነገር የለም። የብዙ ወፎች ላባና የአንዳንድ ቢራቢሮዎች ክንፍም እንደዚሁ ነው። ሰማያዊ ሆነው የሚታዩት ብርሃኑን በሚመልሱበት በረቂቅ አሠራራቸው ስለ ሆነ፥ ላባው ቢወቀጥ ሰማያዊ ዱቄት አይገኝበትም። በፈረንሳይ አገር በላስኮ ዋሻ የሚገኙት የጥንት ሰዎች ሥዕሎችም በቀይ፥ በብጫና በጥቁር ተሥለው ሳለ፥ ሰማያዊ አንድም ቦታ የላቸውም።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፥ ሰማያዊ ቀለም በየዘመኑ ከየት ተገኘ? ሁለተኛውም፥ ዋጋውን ማን ከፈለ? የሚሉት ናቸው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስተውልልን እንለምናለን።

የመጀመሪያው ታላቅ ሰማያዊ ድንጋይ ነበር። በአፍጋኒስታን ሰሜን ምሥራቅ፥ በባዳክሻን አውራጃ፥ የኮክቻ ወንዝ በሚወርድበት ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ሳር ኢ ሳንግ የሚባል የማዕድን ስፍራ አለ። ከስድስት ሺሕ ዓመት በላይ ላፒስ ላዙሊ የተባለው ሰማያዊ ድንጋይ ሲቈፈርበት ኖሯል። በቅዱሳት መጻሕፍት ውስጥ ሰንፔር ተብሎ የተጠራው ዕንቍ ይኸው ድንጋይ እንደ ሆነ ብዙ ሊቃውንት ይናገራሉ። ስፍራውን የጐበኘው ስኮትላንዳዊው ጆን ውድ እንደ ጻፈው፥ ቈፋሪዎቹ በአለቱ ሥር እሳት ያነድዱ ነበር፤ ድንጋዩ በጋለ ጊዜም አለቱን እየሰበሩ ሰማያዊውን ፈልቅቀው ያወጡታል። ይህ ድንጋይ በእንስሳት ጀርባ ተጭኖ ከሁለት ሺሕ ኪሎ ሜትር በላይ እየተጓዘ ወደ መስጴጦምያ ይደርስ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2500 ዓመት ገደማ በተቀበሩት በኡር ከተማ ነገሥታት መቃብር ውስጥ ተገኝቷል።

ከዚያም አልፎ ወደ ግብፅ ይገባ ነበር። የፈርዖን ቱታንካሙን የወርቅ ጭምብል ቅንድቡና የዓይኑ ዙሪያ የተሠራው በዚሁ በባዳክሻን ድንጋይ ነው። ነገር ግን በራስ መሸፈኛው ላይ ያሉትን ሰማያዊ መስመሮች ያየ ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ፤ እነዚያ መስመሮች ድንጋይ አይደሉም፥ ቀለም የገባበት ብርጭቆ ናቸው። በዘመኑ እጅግ ባለጸጋ የነበረው ቤተ መንግሥት እንኳ እውነተኛውን ድንጋይ ለሁሉም ስፍራ አላዋለውም ማለት ነው።

ከዚህ ችግር የተነሣ ግብፃውያን አንድ ታላቅ ጥበብ ፈጥረዋል። አሸዋን፥ ኖራን፥ የመዳብ ማዕድንንና የእንጨት አመድን ወይም ናትሮን የተባለውን ጨው አብረው ፈጭተው በሺሕ ዲግሪ አቅራቢያ በሚነድ ምድጃ ካቃጠሉ በኋላ፥ ከውስጡ የሰማያዊ ጡብ አወጡ። የሰው ልጅ በገዛ እጁ ከሠራቸው ቀለሞች ሁሉ ቀዳሚው ይህ «የግብፅ ሰማያዊ» መሆኑ ይታመናል። ራሳቸው ግብፃውያን የሰጡት ስም ትርጓሜው «የተሠራ ላፒስ» ማለት ነበርና፥ ምኞታቸው ድንጋዩን መተካት እንደ ነበረ ስሙ ይመሰክራል። ጥበቡም ወደ ሮም ተሻገረ። የሥነ ሕንጻው ሊቅ ቪትሩቪየስ አሠራሩ ከእስክንድርያ መጥቶ ቬስቶሪየስ በተባለ ሰው በፑቴዮሊ ከተማ እንደ ተቋቋመ ጽፎ አልፏል።

ነገር ግን ጥበብ የሚኖረው በሰው እጅ ውስጥ ነው። የሮም መንግሥት ከወደቀ በኋላ የአሠራሩ ምስጢር ቀስ በቀስ ጠፋ። ከሦስት ሺሕ ዓመት ላላነሰ ዘመን የተሠራው ቀለም፥ ከዚያ በኋላ ለብዙ መቶ ዓመታት የሚያውቀው ሰው ታጣ። እንግሊዛዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ሃምፍሪ ዴቪ በ1815 ከሮምና ከፖምፔ ፍርስራሽ ጥቂት ቀለም ወስዶ እስኪመረምር ድረስ፥ ከምን እንደ ተሠራ እንኳ በትክክል አይታወቅም ነበር።

የግብፅ ሰማያዊ ሲጠፋ የአውሮፓ ሠዓልያን ወደ ባዳክሻን ድንጋይ ተመለሱ። ድንጋዩን መፍጨት ብቻ ግን አይበቃም፤ ነጩና ግራጫው ክፍል አብሮ ስለሚደቅ ዱቄቱ ይደበዝዛል። ጣሊያናዊው ሠዓሊ ቼኒኖ ቼኒኒ እንደ ገለጸው፥ ዱቄቱ ከሰም፥ ከሙጫና ከዘይት ጋር እንደ ሊጥ ተለውሶ ለቀናት ከቈየ በኋላ በአመድ ውኃ ውስጥ ይታሻል፤ በዚያን ጊዜ ሰማያዊው ብቻ ከሊጡ እየለቀቀ በውኃው ሥር ይዘቅጣል። በመጀመሪያው እሺታ የሚወጣው እጅግ የጠለቀው ነው፤ በኋላ የሚወጣው ግን እየሳሳ ሄዶ መጨረሻው አመድ መሰል ነው። ይህንን ቀለም ጣሊያኖች «ኦልትሬማሬ» አሉት፤ «ከባሕር ማዶ» ማለት ነው።

ዋጋው ከወርቅ ጋር ይወዳደር ነበርና ሠዓሊው እንደ ወደደ የሚጠቀምበት አልነበረም። በ1485 ሠዓሊው ጊርላንዳዮ በፍሎሬንስ ከተማ ለሚገኘው ለወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ የሰብአ ሰገልን ስግደት ሊሥል ሲዋዋል፥ የሚጠቀምበት ሰማያዊ አንዱ ወቄት አራት ፍሎሪን ያህል የሚያወጣ ኦልትሬማሬ እንዲሆን በውሉ ውስጥ ተጽፎበታል። የእመቤታችን መጐናጸፊያ በአውሮፓ ሥዕሎች ሰማያዊ ሆኖ የምናየው ለትርጓሜው ብቻ አይደለም፤ ክብርን በዋጋ ለመግለጽም ነው። የሆላንዱ ሠዓሊ ፈርሜር ይህንን ቀለም በግልጥ ከሚታየው ስፍራ አልፎ በሌሎች ቀለሞች ሥር ሳይቀር ያነጥፈው ነበር፤ በ1675 ሲሞት ግን ለሚስቱና ለልጆቹ የተወላቸው ዕዳ ነበር።

በሌላው የዓለም ክፍል ደግሞ ሰማያዊው ከኮባልት ይወጣ ነበር። የቻይና ሸክላ ሠሪዎች ከፋርስ የመጣውን የኮባልት ማዕድን በነጭ ሸክላ ላይ ሥለው በእሳት ያጸኑት ነበር፤ በ1351 የተሠሩና ዓመቱ የተጻፈባቸው ሁለት ታላላቅ ማሰሮዎች እስከ ዛሬ አሉ። በጀርመን አገር በሳክሶኒ ግን የማዕድን ቈፋሪዎች ይህንን ማዕድን ይፈሩት ነበር። ብር መስሏቸው ሲያቀልጡት ብር አይወጣውም፤ በውስጡ ካለው አርሰኒክ የተነሣም መርዘኛ ጢስ ያወጣል። ስለዚህ በተራራው ውስጥ ይኖራል ብለው በሚያምኑት ክፉ መንፈስ ስም «ኮቦልት» አሉት፤ የማዕድኑ ስም የመጣው ከዚህ ነው። ሳህኑን የገዛው ሰው ውበቱን ሲያይ ቈፋሪው የተነፈሰውን ጢስ አላየም።

ከዚህ በኋላ ነገሩን የለወጠው በበርሊን ከተማ የደረሰ አንድ ስሕተት ነው። በ1706 ገደማ ዲስባህ የተባለ ቀለም ሠሪ ቀይ ቀለም ሊሠራ ፈልጎ፥ ዲፕል ከተባለው የመድኃኒት ቀማሚ ፖታሽ ወሰደ። ፖታሹ ግን ቀደም ሲል ከእንስሳ ደም የተሠራ ዘይት ነክቶት ኖሮ፥ የተጠበቀው ቀይ ቀርቶ ጽኑ ሰማያዊ ወጣ። ይህ «የፕሩስያ ሰማያዊ» ተባለ። አሠራሩ በ1724 በሎንዶን ታትሞ እስኪገለጥ ድረስ በምስጢር ተጠበቀ፤ ከዚያ ወዲህ ግን በየአገሩ ይሠራ ጀመር፤ ርካሽ በመሆኑም ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ድንጋይ መግዛት ለማይችለው ሠዓሊ በር ከፈተለት። በጃፓን ሆኩሳይ በ1831 ገደማ ያወጣው የታላቁ ማዕበል ሥዕል ሰማያዊነቱን ያገኘው ከዚሁ ቀለም ነው። በ1842 ጆን ኸርሽል የተባለው የሥነ ከዋክብት ሊቅ ከዚሁ ቀለም የፎቶግራፍ ዘዴ አወጣ፤ መሐንዲሶች የሕንጻ ፕላናቸውን በሰማያዊ ወረቀት ላይ ለብዙ ዘመን ሲያባዙ የኖሩት በዚህ ዘዴ ነበር። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ በ1987 በብራዚል አገር በጎያንያ ከተማ ሴዚየም የተባለው ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ሰዎችን በመረዘ ጊዜ፥ መርዙን ከሰውነታቸው ለማውጣት በመድኃኒትነት የተሰጣቸው ይኸው የፕሩስያ ሰማያዊ መሆኑ ነው።

የባዳክሻን ድንጋይም በተራው ተተኪ ተገኘለት። በ1824 በፓሪስ ያለ የኢንዱስትሪ ማበረታቻ ማኅበር፥ አንዱን ኪሎ ከ300 ፍራንክ በማይበልጥ ዋጋ ኦልትሬማሬን በኬሚስትሪ ሊሠራ ለሚችል ሰው 6000 ፍራንክ ሽልማት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሽልማቱን በ1828 ያገኘው ጊሜ የተባለ ፈረንሳዊ ነው፤ በዚያው ዘመን ግሜሊን የተባለ ጀርመናዊም በቱቢንገን ለብቻው ደርሶበት ነበር። ነገሥታት በወቄት ይገዙት የነበረው ቀለም ከጥቂት ዓመታት በኋላ በፋብሪካ እየተሠራ፥ ነጭ ልብስ እንዳይወይብ ከእጥበት ውኃ ጋር የሚቀላቀል ዱቄት እስከ መሆን ደረሰ።

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ሠዓሊና ስለ ሸክላ ሠሪ ሰማያዊ ነው። ሕዝብ የሚለብሰው ሰማያዊ ግን ከድንጋይ ሳይሆን ከቅጠል የመጣ ነው፤ ታሪኩም ከሁሉ ይልቅ ከባድ ነው። በፔሩ አገር በዋካ ፕሪዬታ የተገኘው የስድስት ሺሕ ዓመት ዕድሜ ያለው የጥጥ ጨርቅ በዚሁ የቅጠል ቀለም የተነከረ መሆኑ በ2016 ታውቋል። በሕንድ አገር ቀለሙ «ኒላ» ይባል ነበር፤ ከዚህ ቃል ዐረቦች «ኒል»፥ ፖርቱጋሎችም «አኒል» ሲሉ ወሰዱት። ግሪኮች ደግሞ በመጣበት አገር ስም «የሕንድ» አሉት፤ «ኢንዲጎ» የሚለው ስም ከዚህ ይወጣል።

የኢንዲጎ አሠራር ለተመልካች ተአምር ይመስላል። ቅጠሉ አረንጓዴ ነው፤ በውኃ ገንዳ ተዘፍዝፎ ሲቦካ ውኃው ወደ አረንጓዴና ወደ ብጫ ይለወጣል። ከዚያም ሠራተኞች በገንዳው ውስጥ ቆመው ውኃውን በመቅዘፊያ እየመቱ አየር ሲያስገቡበት ሰማያዊው ዝቃጭ ሆኖ ይወርዳል፤ ዝቃጩም ደርቆ እንደ ጡብ ይቈረጣል። ነካሪው ይህን ጡብ እንደ ገና በገንዳ አሟሙቶ ጨርቁን ሲነክርበት፥ ጨርቁ ብጫ መሰል ሆኖ ይወጣል፤ ነፋስ ሲያገኘው ግን በዓይን ፊት እየተለወጠ ሰማያዊ ይሆናል። ቀለሙን የሚገልጠው አየሩ ነው።

አውሮፓ ሕንድን ከመድረሱ በፊት ተመሳሳዩን ቀለም ፓስቴል ከተባለ የገዛ አገሩ ቅጠል ያወጣ ነበር። የፈረንሳዩ የቱሉዝ ከተማ በዚህ ንግድ በልጽጋ ነበር፤ በ1555 መሠራት የጀመረው የነጋዴው የፒየር ዳሴዛ ግቢ ዛሬም የዚያን ዘመን ሀብት ይመሰክራል። ብዙ ቀለም የሚሰጠው የሕንዱ ኢንዲጎ በመርከብ ሲመጣ ግን የፓስቴል ገበሬዎችና ነጋዴዎች ደነገጡ። በጀርመን አገር በ1577 ኢንዲጎ በአዋጅ ተከለከለ፤ በፈረንሳይም ንጉሥ ሄንሪ አራተኛ በ1609 የሚጠቀምበትን በሞት እስከ መቅጣት የደረሰ ሕግ አወጣ። ሕጉ ገበያውን አላሸነፈም፤ የፓስቴል እርሻ ቀስ በቀስ ተፈታ።

ኢንዲጎ ፈላጊው በበዛ ቁጥር የሚያለማውም ሰው ጕልበት እንዲበዛ ግድ ሆነ። በሰሜን አሜሪካ በደቡብ ካሮላይና፥ ኤሊዛ ሉካስ የተባለች የባለ እርሻ ልጅ በ1740ዎቹ መጀመሪያ ተክሉን ካላመደች በኋላ፥ ቅኝ ግዛቲቱ ከነጻነት ጦርነት በፊት በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ወደ ውጭ ትልክ ነበር። የገማውን ገንዳ የሚመቱት ግን ከአፍሪካ ተማርከው የተሸጡ ሰዎች ነበሩ።

በሕንድ አገር በቤንጋል ደግሞ ሌላ ዓይነት ቀንበር ነበር። እንግሊዛውያን የኢንዲጎ ባለ ፋብሪካዎች ለገበሬው ትንሽ ቀብድ ይሰጡና በሩዝ ማሳው ላይ ኢንዲጎ እንዲዘራ ውል ያስፈርሙታል። ለቅጠሉ የሚሰጡት ዋጋ ግን ድካሙን ስለማይሸፍን ገበሬው ቀብዱን ለመመለስ አይችልም፤ ዕዳውም ከአባት ወደ ልጅ ይወርሳል። እንቢ ያለው ይደበደባል፥ ይታሰራል፥ ቤቱም ይፈርስበታል። በ1859 የቤንጋል ገበሬዎች ኢንዲጎ አንዘራም ብለው በአንድነት ተነሡ። መንግሥት በ1860 መርማሪ ኮሚሲዮን አቋቁሞ ምስክር ሰማ። በዚያው ዓመት ዲናባንዱ ሚትራ የተባለው ደራሲ «ኒል ዳርፓን»፥ ማለት «የኢንዲጎ መስተዋት»፥ የተባለውን ቴአትር አሳተመ። ጄምስ ሎንግ የተባለ ሚሲዮናዊ ይህ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ እንዲወጣ ስላደረገ በ1861 ተከሶ አንድ ወር እስራትና አንድ ሺሕ ሩፒ መቀጮ ተፈረደበት፤ መቀጮውን ካሊፕራሳና ሲንሃ የተባለ ቤንጋላዊ ባለጸጋ ከፈለለት።

በዚህ ጊዜ በጀርመን አገር የኬሚስትሪ ሊቃውንት ቅጠሉን ከነአካቴው ለማስቀረት ይደክሙ ነበር። አዶልፍ ፎን ባየር በ1880 ኢንዲጎን በቤተ ሙከራ ሠራ፥ በ1883ም የውስጥ አሠራሩን ገለጠ፤ በ1905 ለተሰጠው የኖቤል ሽልማት ይህ ሥራው አንዱ ምክንያት ሆኗል። ዘዴው ለፋብሪካ እንዲበቃ ግን ባስፍ የተባለው ኩባንያ 18 ሚሊዮን የወርቅ ማርክ ያህል አፍስሶበት፥ በ1897 የተሠራውን ኢንዲጎ ለገበያ አወጣ። በዚያ ዓመት ከተክል የሚገኘው ኢንዲጎ በዓለም 19 ሺሕ ቶን ያህል ነበር፤ በ1914 አንድ ሺሕ ቶን ያህል ብቻ ቀረ።

እንግዲህ ቀለሙ ሲረክስ የገበሬው ሸክም ቀለለ ብለን እንድናምን ልባችን ይፈልግ ይሆናል። ታሪኩ ግን እንዲህ አልነበረም። በቢሃር ክፍል በቻምፓራን አውራጃ፥ ጭሰኛው ከሃያ እጅ መሬቱ ሦስቱን እጅ ኢንዲጎ እንዲዘራ ግዴታ ነበረበት። የኢንዲጎ ዋጋ በወደቀ ጊዜ ባለ እርሻዎቹ ኪሳራቸውን በጭሰኛው ላይ ጣሉት፤ ከግዴታው ነጻ እንዲወጣ ወይ የመሬት ኪራይ ይጨምር ወይም ጠቅላላ ገንዘብ ይክፈል አሉት። ለግዴታው ሲሠቃይ የኖረው ሰው ለመፈታቱም ዋጋ ተጠየቀ ማለት ነው። ራጅኩማር ሹክላ የተባለ ገበሬ ማሕተመ ጋንዲን እየተከታተለ ለምኖ በ1917 ወደዚያ አመጣው። ጋንዲ አውራጃውን ለቅቆ እንዲወጣ ቢታዘዝም አልወጣም አለ፤ ክሱም ተሰረዘ። ከዚያም እርሱና ባልደረቦቹ በሺሕ የሚቈጠሩ ገበሬዎችን ቃል እያንዳንዱን በጽሑፍ ተቀበሉ። መንግሥት ያቋቋመው ኮሚቴ፥ ያለ አግባብ ከተወሰደው ገንዘብ አንድ አራተኛው እንዲመለስ ወሰነ፤ በ1918 የወጣውም ሕግ ግዴታውን አጠፋው። ጋንዲ በሕንድ ምድር የመራው የመጀመሪያው ትግል ይህ የሰማያዊ ቀለም ነገር ነበር።

ሀገራችንም ከዚህ ሰፊ ንግድ ውጭ አልነበረችም። ክርስቲያኑ ሕዝብ በአንገቱ የሚያስረው ማተብ ብዙ ጊዜ ከሰማያዊ ሐር የተፈተለ ነበር፤ ሐሩም በ19ኛው መቶ ዓመት ከባሕር ማዶ በምፅዋ ወደብ በኩል ከሚገቡት ሸቀጦች አንዱ ነበር። አንገት ላይ የምትታሰር ቀጭን ክር እንኳ የሩቅ አገር ነካሪ እጅ ነክቷት ትመጣ ነበር።

ዛሬ ሰማያዊ ልብስ በዓለም ላይ ብርቅ አይደለም። ሌቪ ስትራውስና ጄኮብ ዴቪስ በ1873 በአሜሪካ ፓተንት ያወጡለት ባለ መዳብ ጕጠት የሠራተኛ ሱሪ፥ ጂንስ ተብሎ ድኻውም ሀብታሙም የሚለብሰው ሆኗል፤ ቀለሙም በአብዛኛው በፋብሪካ የተሠራ ኢንዲጎ ነው። ይሁን እንጂ ፋብሪካው ዝቃጩን ሳያጣራ በሚለቅበት ስፍራ ወንዙ ሰማያዊ ሆኖ ይወርዳል፤ በታች ያለው ሰው የሚጠጣውም እርሱን ነው። አዲስ ሰማያዊ ፍለጋውም አላበቃም። በ2009 በአሜሪካ በኦሬገን ግዛት ዩኒቨርሲቲ፥ ለኤሌክትሪክ ሥራ የሚሆን ነገር ሲፈለግ ከኢትሪየም፥ ከኢንዲየምና ከማንጋኒዝ ያልታሰበ ደማቅ ሰማያዊ ተገኘ፤ ኢንዲየም ውድ ስለ ሆነ ግን ይህም ቀለም እንደ ጥንቱ ድንጋይ በውድ ዋጋ ይሸጣል።

ከዚህ ሁሉ የምንማረው፥ የቀለም ዋጋ ሁለት መሆኑን ነው። አንዱ ገዢው በገበያ የሚከፍለው ነው፤ ይህ በጥበብና በፋብሪካ ሊረክስ ይችላል፥ ረክሷልም። ሁለተኛው ግን ከገዢው ዓይን ርቆ በማዕድን ጕድጓድ፥ በገማ ገንዳና በጭሰኛው ማሳ ላይ የሚከፈለው ነው። ይህኛው በኬሚስትሪ ብቻ አልረከሰም፤ የቻምፓራን ገበሬ ከቀንበሩ የወጣው ባየር ቀለሙን ስለ ሠራ ሳይሆን፥ እርሱ ራሱ ቀርቦ በደሉን ስለ ተናገረና ቃሉን የሚጽፍለት ሰው ስላገኘ ነው።